በሁዳዴ የከፈትነው የበሬ ዓይን

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ኤልዳና በራችንን አንኳኳች። የምንኖረው ለሚ ኩራ፣ ከአዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ከተገጠመ ጀምሮ በጥገና ላይ ስለሆነ ልጅቱ ስትደርስ ታለከልክ ነበር። በእጇ ከመገናኛ የተገዛ የፕላስቲክ ዓይን ይዛለች፤ እየተፈታ የሚገጣጠም፣ ቀይና ሰማያዊ ክር መሳይ ደም ሥሮች የተሳሉበት።

“ጋሼ፣ ሰኞ ፕረዘንት የማደርገው ፕሮጀክት አለብኝ። እርስዎ የሳይንስ ቲቸር ነበሩ አይደል?”

“ነበርኩ።”

“እና የዓይንን ውስጥ አይተው ያውቃሉ? ኦርጂናሉን?”

“ኦርጂናሉን” ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና “በይ እንግዲህ ተቀመጪ ልጄ፤ ይሄ በአጭሩ አያልቅም” አለቻት። እውነቷን ነው። አላለቀም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ የተመደብኩት ገርጂ አካባቢ፣ ነዋሪው አዋጥቶ ወደሠራት አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። የዛሬውን ገርጂ የሚያውቅ ሰው የያኔውን ቢነግሩት አያምንም። ከመገናኛ ወዲያ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው። በክረምት ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ አንዲት መኪና ካለፈች አቧራው እስኪረግፍ ሰው ፊቱን ሸፍኖ ይቆማል። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ የስንዴ ማሳ ነበር። ቦሌ ሊያርፍ የተቃረበ አውሮፕላን የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ስለሚያልፍ፣ እስኪርቅ ድረስ ትምህርት እናቆማለን። ልጆቹ ያቺን ጊዜ እንደ ዕረፍት ቆጥረው ይንጫጩባታል። እኔም አልጠላትም ነበር፤ የቀጠለውን ዓረፍተ ነገር የማስብባት እሷ ናት።

አምስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ዓይን የሚናገረው ምዕራፍ ላይ የደረስነው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ሲታተም ቀለሙ ተደፋፍቶ ምኑም አይለይም። እሱን አይቼ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣልኩ፤ የኔው ደግሞ ባሰ። ልጆቹ ግን ምን ቸገራቸው፣ ኮርኒያ፣ አይሪስ፣ ሌንስ፣ ሬቲና እያሉ በዜማ ሸመደዱት። ጥያቄ ስጠይቅ እጁን የማያወጣ የለም። በራሴ ኮርቼ ልወጣ ስል ከፊት የምትቀመጠው ሰናይት እጇን አነሣች። ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ መልስ ከሰጧት በኋላም እጇን የማታወርድ ልጅ ነበረች።

“ቲቸር፣ ሌንሱ ምን ይመስላል?”

“ምስር ነው የሚመስለው። በሁለት በኩል ያበጠ።”

“ይጠነክራል ወይስ ይለሰልሳል?”

አላውቅም ነበር። ከፈተና አልፌ፣ ዲፕሎማ ይዤ፣ ደሞዝ እየበላሁ፣ ሌንስ ይጠንክር ይለስልስ አላውቅም። “ነገ እንመለስበታለን” አልኳት። ይቺን አነጋገር ከማሠልጠኛው ይዤያት የወጣሁ ናት፤ ብዙ አስተማሪ ከኀፍረት አድናለች። በዚያን ቀን ግን እንቅልፍ አልሰጥ ያለችኝ ይቺው ናት። እውነተኛ ዓይን መክፈት እንዳለብኝ ወሰንኩ።

ችግሩ ጾሙ ነው። መስቀል የተሣለባቸው ሥጋ ቤቶች ሁሉ ተዘግተዋል። በሰፈሩ ክፍት የነበረው ጨረቃና ኮከብ የተሣለበት የጋሽ ሰይድ ቤት ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ሲስቁ ሱቃቸው የሚናወጥ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዘሐራ እኔው ክፍል ትማራለች። እሳቸው ግን አያውቁኝም፤ እኔም ጿሚ ስለሆንኩ በዚያ ወቅት በደጃቸው የማልፈው አፍንጫዬን ወደ ሌላ አዙሬ ነበር። ከጓዳ የሚወጣው የጥብስ ሽታ በሱፍ ፍትፍት ለሰነበተ ሆድ ፈተና ነው።

ገበያተኛ እስኪቀንስ ጠብቄ ገባሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “ጋሽ ሰይድ፣ የበሬ ዓይን ፈልጌ ነበር” አልኳቸው። ስሕተቴ ድምፄን ዝቅ ማድረጌ ነው።

ቢላቸውን ግንዱ ላይ ሰክተው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። “ምን አልክ?”

“ዓይን።”

“ለምንህ?”

“ለልጆች ነው።”

“ልጆች ዓይን ይበላሉ?”

“አይበሉም። እከፍትላቸዋለሁ።”

“አስተግፊሩላህ!” አሉ። “ስማ ወንድሜ፣ የላከህ ጠንቋይ ማን እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ቤት የሚሸጠው ሥጋ ነው። ለድግምት የሚሆን ነገር ሌላ ቦታ ፈልግ።”

“ኧረ እኔ አስተማሪ ነኝ! የዘሐራ አስተማሪ!”

የሚያረጋጋቸው መስሎኝ ነበር። “የኔን ልጅ?” አሉና ከባንኮኒው ወዲህ ዞረው መጡ። “የኔን ልጅ ነው ይሄን የምታስተምራት?”

ከቦርሳዬ መጽሐፉን አውጥቼ ሥዕሉን በጣቴ እያሳየሁ፣ ብርሃን በየት እንደሚገባና የት እንደሚያርፍ በአንድ ትንፋሽ ለፈለፍኩ። ጋሽ ሰይድ መጽሐፉን ተቀብለው አገላበጡት።

“ይሄ ዓይን ነው? የእንቁላል ጥብስ ነው እንጂ!”

“ለዚህ እኮ ነው እውነተኛውን የፈለግሁት።”

ያን ጊዜ ሳቁ። “እሺ። ነገ ሁለት ከብት አርዳለሁ፤ አንድ ወይፈን፣ አንድ ያረጀ የእርሻ በሬ። ከሁለቱም አንዳንድ እሰጥሃለሁ። ግን እኔም መጥቼ አያለሁ። ክፉ ነገር ካየሁ ዓይኑንም አንተንም አንጠልጥዬ ነው የምወጣ።”

ዘሐራ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳ ኖሯል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሽ ሰይድ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው፣ እኔ አጠገባቸው እየተራመድኩ የትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ፣ የሰናይት አባት አቶ ክፍሌ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አቶ ክፍሌ ከጉራጌ አገር የመጡ፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው፣ ጾምና ሥራ የማያጓድሉ ሰው ነበሩ። ሰላምታቸውን አላስቀሩም፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

“አስተማሪ፣ በሁዳዴ ልጆቻችንን ሥጋ ልታስነካቸው ነው አሉ። ያውም የኛ ካልሆነ ቤት የመጣ።”

“አቶ ክፍሌ፣ ለማየት ነው። ያልፈለገ አይነካም። እኔም እጾማለሁ።”

“አንተ ያንተን ታውቃለህ። እኔ የልጄን ነው የምናገር።”

ጋሽ ሰይድ ሳህኑን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩና፣ “ክፍሌ፣ እኔም የመጣሁት ልጄን ልጠብቅ ነው። አንተም ግባና ያንተን ጠብቅ” አሏቸው።

“ሱቄን ለማን ትቼ?” አሉ አቶ ክፍሌ። “ልጄ አትገባም። በቃ።”

ዳይሬክተራችን ድምፅ ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። ደግ ግን ፈሪ ሰው ነበሩ። ወደ ጎን ወስደውኝ፣ “ልጄ፣ የሙከራ ጊዜህን እንኳ አልጨረስክም” አሉ። “አንድ ወላጅ ሲቆጣ እችለዋለሁ። ሌሎቹ ከተከተሉ ግን አንተን ማዳን አልችልም። ለምን በሥዕሉ አትቀጥልም?”

እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና በምልክላት እየተደጎመች ነው የምትኖረው፤ ሥራውን ባጣ የምገባበት የለኝም። ሳህኑን ተቀብዬ ወደመጣበት ልመልሰው ምንም አልቀረኝም። ግን በክፍሉ መስኮት ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው እያዩኝ ነበር። “ሰናይት ውጪ ትቀመጥ፤ የማይፈልግ ሌላም ልጅ ካለ ይውጣ፤ እኔ ግን ላሳያቸው” አልኩ። ዳይሬክተሩ ተነፈሱና ወደ ቢሯቸው ገቡ። አቶ ክፍሌም ሰናይትን ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አስቀምጠዋት ሄዱ። አላለቀሰችም፤ ግን እጇን አንሥታ ነበር። የሚጠይቃት ሳይኖር እጇን አንሥታ።

ዓይኖቹን ትሪ ላይ ሳደርግ ልጆቹ ከየዴስካቸው ብድግ ብድግ አሉ። ጋሽ ሰይድ ከኋላ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀምጠዋል። የወይፈኑን በምላጭ ስቀድደው መጀመሪያ ውሃ መሰል ፈሳሽ ወጣ፤ አንዳንዶቹ “ውይ!” ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ በጣቶቻቸው መካከል ግን ያያሉ። ከዚያ እንደ አብሽ የሚዝለገለግ ጥርት ያለ ነገር። ቀጥሎ የኋላውን ግድግዳ ገልበጥ ሳደርግ ክፍሉ በአንድ ድምፅ “እንዴ!” አለ። ያበራል። ሰማያዊ ነው ስትለው አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ነው ስትለው ሐምራዊ።

“የርግብ አንገት!” አለች ዘሐራ።

ይሄ የሚያብለጨልጭ ገበር ለሰው እንዳልተሰጠው፣ ከብትና ድመት ግን በጨለማ መብራት ሲበራባቸው ዓይናቸው የሚያበራው በሱ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ መቀመጥ አቅቷቸው ወደፊት መጡ። “ሱብሐነላህ! ስንት ዘመን ለውሻ ስጥለው የኖርኩት ይሄን ነው?”

ሌንሷን ለይቼ አወጣኋት። ለስላሳ ናት፣ ግን ጫን ሲሏት ትገፋለች፤ እንደ ጠብታ ውሃ ጠርታለች። ጋዜጣ ላይ ሳስቀምጣት ከሥሯ ያሉት ፊደላት ተለቅ ብለው ታዩ። ልጆቹ ተረኛ እየሆኑ አነበቡባት። ከዚያ በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መስኮቱ አነሣኋት፤ በውስጧ የውጪው ዓለም ተገልብጦ፣ ሰማዩ ከታች፣ ባሕር ዛፉ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይታያል። በዚያች ጠብታ ውስጥ ፀጉሯ ወደ ታች የተንዠረገገ የአንዲት ልጅ ፊት አየሁ። ቀና ስል ሰናይት ድንጋይ ላይ ቆማ፣ አገጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋለች። አላባረርኳትም። ውጪ ሁኚ ተባለች እንጂ አትዪ አልተባለችም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የሽማግሌውን በሬ ዓይን ስከፍት ግን ሌንሱ ሌላ ሆነ። ቢጫ ያዘለ ነጭ፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል። ጋዜጣው ላይ ሳደርገው አንድም ፊደል አላሳልፍ አለ። ልጆቹ “ኤጭ” አሉ። እኔም ትምህርቱ እንዳይበላሽብኝ፣ “ይሄኛው አይረባም” ብዬ ወደ ዳር ገፋ አደረግሁት።

“ቲቸር፣ እንዳይጥሉት!” አለች ሰናይት ከመስኮቱ። “የአባባ ዓይን ነው!”

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም። “የአባባ ዓይን እንደዚህ ነው። መሐሉ ነጭ ነው።”

አባባ የምትለው አያቷን ጋሽ ወልዴን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። ዕድሜያቸውን ሁሉ አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ሲጠፋ ልጃቸው ዘንድ መጥተው፣ ከሱቁ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለዩታል፤ “የዚህች ፍሬን ሸራ አልቋል፤ ንገሩት” ይላሉ። እኔንም በእርምጃዬ ያውቁኝ ነበር። “አስተማሪ፣ የግራ ጫማህ ሶል ተገንጥሏል” ብለውኝ ዝቅ ብዬ ሳይ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቤተሰቡ ዓይናቸውን እርጅና ነው ብሎ ተቀብሎታል፤ ጠበልም ሲያመላልሷቸው ነበር።

ሰናይት ቀጠለች። “ከኋላው ያለው የሚያበራውስ? እሱም ተበላሽቷል?”

ገልብጬ አየሁት። እንደ ወይፈኑ ያበራል። “ደኅና ነው” አልኳት።

“እንግዲያው ነጩ ብቻ ቢወጣ ያያል ማለት ነው?”

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሰይድ እኔን አዩኝ፤ እኔ ነጩን ሌንስ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር፤ ግን የዓይን ሞራ ማለት ይሄ እፊቴ ያለው ነገር መሆኑን፣ በየቀኑ ሰላም የምላቸው ሰውም ዓይን ውስጥ ያለው እሱ ሊሆን እንደሚችል አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። “ነገ እንመለስበታለን” ማለት አልቻልኩም። “እጠይቃለሁ” አልኳት።

ጠየቅሁም። በዚያው ከሰዓት በኋላ መገናኛ አጠገብ ያለች ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሰምታኝ፣ “ሞራ ከሆነ ይወጣል፤ ከተማ ባለው የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ከጀርባው ያለው ከተጎዳ አይሆንም” አለችኝ።

አሁን አቶ ክፍሌ ፊት መቆም ቀረ። ሱቁ በር ላይ ደርሼ መናገር ጀመርኩ። አንድ ሐረግ ሳልጨርስ የሰውየው ፊት ቀላ። “ጠዋት ልጄን፣ ከሰዓት አባቴን! የበሬ ዓይን ስለከፈትክ የሰው ዓይን ልታስከፍት ነው? ዓይን ውስጥ ምላጭ?”

ያን ጊዜ ዱካው ላይ ያሉት ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። “ክፍሌ፣ ዝም በል እስቲ። አስተማሪ፣ ና ቅረብ። በሬው ምን ሆኖ ነበር?”

አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥርት ያለውን ሌንስና ነጩን፣ ከኋላ ያለውን የሚያበራ ነገር። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ አዳመጡኝ።

“እንግዲያው” አሉ፣ “ሞተሩ ደኅና ነው፤ የፊት መስታወቱ ነው የተበላሸ።”

“ሊሆን ይችላል ነው የምልዎት፤ ሐኪም ነው የሚያውቀው። እኔ አላውቅም።”

“አላውቅም ያለ ጋራዥ ይሻላል” አሉ ሳቅ ብለው። ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ቦኔቱን ሳትከፍት መኪና ይሠራል? ነገ ውሰደኝ።”

የአቶ ክፍሌ ዓይን እንባ ማቅረሩን አየሁ፤ ዞር ብለው የስኳር ጆንያ ማስተካከል ጀመሩ። ቁጣቸው ቁጣ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። አባታቸውን በተስፋ አታለው በኋላ እንዳያሳዝኗቸው ፈርተው ነበር።

ሐኪሙ አየ፤ ሞራ ነው አለ፤ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ሰጠ። እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። በልግ ዘንቦ ማሳው ሲለመልም፣ ባሕር ዛፉ ዝናብ ጠጥቶ ሲሸት፣ እኔ የማስበው “ባይሆንስ?” እያልኩ ነው። ባይሆን በዚያ ሱቅ ደጃፍ ማለፍ አልችልም ነበር። ፋሲካን እናቴ ዘንድ ስውል ዶሮው እንኳ አልጣፈጠኝም።

ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀናት በኋላ ከክፍል ስወጣ ሰናይት ጫማዋ እግሯን እየለቀቀ እየሮጠች መጣች። “ቲቸር፣ ይምጡ! ፋሻው ተፈቷል!”

ሱቁ ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። ጋሽ ሰይድ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ቢላ እንደያዙ መጥተዋል። ጋሽ ወልዴ ዱካቸው ላይ ናቸው። በዚያ ዘመን የሚሰጠውን ወፍራም መነጽር አድርገው ዓይናቸው ሁለት እጥፍ አክሏል። አንዱን ሰው ትተው ሌላውን፣ የሰውን ፊት እየጠገቡ ያያሉ። እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ይሄ ልጅ ማነው?”

“አስተማሪው ናቸው፣ አባባ” አለች ሰናይት።

“የትኛው አስተማሪ?”

“እኔ ነኝ ጋሽ ወልዴ” አልኩ።

ድምፄን ሲሰሙ አፋቸው ተከፈተ። መነጽራቸውን አንሥተው፣ መልሰው አድርገው፣ እንደገና አዩኝ። “እኔ በድምፅህ ጢምህ ደረትህ ላይ የወረደ ሽማግሌ መስለኸኝ! ጢም ያላበቀልክ ሕፃን መሆንህን ባውቅ መች ዓይኔን አስነካ ነበር!”

የጋሽ ሰይድ ሳቅ እስከ መገናኛ ሳይሰማ አልቀረም። አቶ ክፍሌም ሳቁ፤ ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ሳይለቁኝ ቆዩ። ስለዚያ ቀን ቁጣ አንድም ነገር አላሉም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሰኞ ዕለት ግን ዴስኬ ላይ አንድ ካርቶን ጠመኔ ተቀምጦ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ያ ምዕራፍ ሲደርስ ጋሽ ሰይድ ሁለት ዓይን ይልኩልኝ ነበር፤ አቶ ክፍሌ ደግሞ ጾም ከሆነ ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡበትን ሳሙና።

ሰናይት ሐኪም ሆነች ብዬ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነችም። ቦሌ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ከቻይና ነጋዴ ጋር ስትከራከር ብታዩዋት እጇን ዛሬም አታወርድም። ጋሽ ወልዴ ብዙ ዓመት ኖሩ። ማሳው በቤት ሲሸፈን፣ ኮረኮንቹ አስፋልት ሲሆን በዓይናቸው አይተው፣ እያንዳንዱን መኪና ተችተው ነው ያረፉት።

ኤልዳና አገጯን በእጇ ደግፋ ሰምታ ስትጨርስ፣ “ጋሼ፣ ያን ቀን ፈርተው ቢተዉትስ ኖሮ?” አለችኝ። መልስ ሳትጠብቅ የፕላስቲክ ዓይኗን አንሥታ ደረጃውን ወረደች፤ እናቷ እየተጣራች ነበር።

እኔ ግን እስካሁን እያሰብኩት ነው። ብተወው ማንም አይወቅሰኝም ነበር። በጠመኔ ሥዕሉ እቀጥላለሁ፤ ልጆቹ ፈተናውን ያልፋሉ፤ ዳይሬክተሩ ያመሰግኑኛል። ጋሽ ወልዴም ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነጩ ሊወጣላቸው እንደሚችል ሳያውቁ፣ በሰላምታ እያሳለፉኝ ያርፉ ነበር። የከፋው ደግሞ፣ ምን እንዳስቀረሁ እኔም ሳላውቀው እቀር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማርኩ፤ ስንት ቀን ፈርቼ ምን እንዳስቀረሁ አላውቅም። ያን ቀን ግን አልፈራሁም ማለት ባልችልም፣ አልተውኩትም። ይሄ ይበቃኛል ብዬ ራሴን ሳጽናና፣ ባለቤቴ “አሁንስ ጨርሰሃል? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ” አለችኝ።